ሻምበል ኑሩን ሲፈልግ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር፣ ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር። በግንባታ ላይ የነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። ውስጡ አራት የቀን ሠራተኞች ነበሩ። እስከ ቀትር ሦስቱ በሕይወት ወጡ። አራተኛው ኑሩ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ አንድ ክፍል አብረን የምንኖር።

ኑሩን ያወቅሁት ድንበር በተሻገርኩበት ቀን ነው። የምሠራበት ጋዜጣ ተዘግቶ ወራት ሥራ ፈትቼ፣ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ቶጎ ውጫሌ ላይ በእግር ስንሻገር ጫማው ተበጥሶበት በፌስታል አስሮት ይሄድ ነበር። "ጋሼ፣ እዚያ ማዶ እንጀራ አለ?" አለኝ። አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ፤ ላሖህ የሚሉት አለ፤ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነው፣ ግን ጣፈጥ ይላል። እስከ ዛሬ በጎረስኩ ቁጥር ኮምጣጣውን እጠብቃለሁ።

ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ሦስተኛችን ጌታቸው ነው። አገር ቤት ከፍርስራሽ ሥር ሰው የሚፈልጉ ውሾች ያሠለጥን ነበር፤ እዚህ ብሎኬት ይሸከማል። አንድ ቀን ከዋሄን ገበያ ባለቤት የሌለው ውሻ አስከትሎ መጣ። ሻምበል አለው፤ ያሠለጥነውም ጀመር።

አከራያችን ሐጂ ዑመር በስደት ጅጅጋ ስላደጉ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ።

"ክፍሉን ለሦስት ሰው ነው የሰጠሁት። ሻምበል የምትሉት ማነው? ወታደር ነው?"

"ውሻ ነው፣ ሐጂ።"

"ወታደር ይሻለኝ ነበር!"

በእስልምና የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። "እኔ ውኃ በበርሜል እየገዛሁ! በሬን እንዳያልፍ!"

ስለዚህ ልምምዱ ደረቁ ወንዝ ዳር ሆነ። ኑሩ ድንጋይ ክምር ውስጥ ይደበቃል፤ ሻምበል አነፍንፎ ሲያገኘው ይጮኻል፤ ሽልማቱ የተቋጠረ ጨርቅ መጓተት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ካልሸተተው አይጮኽም፤ ጌታቸው ያስተማረው ይህንኑ ነው። ኑሩም ሙስሊም ነው፤ ፊቱን ተልሶ ይመጣና ሰባት ጊዜ ይታጠባል። "ሐርጌሳ ውስጥ እንደ እኔ ንጹሕ ሰው የለም" ይል ነበር።

ረቡዕ ዕለት ፍርስራሹ ጋ ስንደርስ ፖሊስ አገደን። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀን።

"ከየትኛው ኦርጋናይዜሽን ናችሁ?"

"ከሼክ ኑር" አለ ጌታቸው።

"ሌተር አላችሁ?"

"የለንም።"

"ውሻውስ?"

"እሱም የለውም።"

በሬዲዮ አለቆቹን እስኪጠይቅ አርባ ደቂቃ ሄደ።

ሻምበል ሁለት ዙር ፈለገ፤ አልጮኸም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላ ውስጥ ተኝቶ አልነሣም አለ።

"ተስፋ ቆረጠ" አለ ጌታቸው። "ፈልጎ ፈልጎ ሰው ካጣ ይተወዋል። አንድ ሰው ይደበቅለትና ያግኝ። አንተ አትሆንም፤ ዛሬ አብረኸው ስትዞር ነው የዋልከው። ሌላ ሰው ፈልግ።"

ከበው የቆሙትን ለመንኩ። የዐሥር ሶላት ደርሶ ነበር። ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ለውሻ ፊቱን የሚሰጥ ማን አለ? ማንንም መውቀስ አልቻልኩም።

ሐጂ ዑመር ከሰዉ መሀል ወጡ። "የት ልግባ?"

"ሐጂ፣ ይልስዎታል።"

"የት ልግባ ነው ያልኩህ!"

ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ከወደቀው ግድግዳ ሥር ገቡ። ሻምበል በአራት ደቂቃ አገኛቸው። ጮኸ፤ ጢማቸውን ላሰ። ጨርቁን እሳቸው ራሳቸው አጓተቱት።

"በል አሁን ሂድ" አሉት። "ኑሩን አምጣ።"

ከቀኑ አሥራ አንድ ከሃያ፣ ደረጃው በነበረበት በኩል፣ በሁለት ኮንክሪቶች መካከል ባለች ቀዳዳ ላይ ሻምበል ሦስት ጊዜ ጮኸ። በእጅ መቆፈር ተጀመረ። በቀዳዳዋ "ኑሩ!" ብዬ ተጣራሁ። መልስ አልሰማሁም።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ስልኬ ጠራ። የኑሩ እናት፣ እማማ ዘሐራ፣ ከሐይቅ።

"ልጄ፣ ኑሩ ስልኩን አያነሣም።"

ሃያ ዓመት ዜና ጽፌያለሁ፤ ያላረጋገጥኩትን አልናገርም። ሕንፃው መውደቁን ነገርኳቸው። ሦስቱ መውጣታቸውን ነገርኳቸው። ውሻው መጮኹን ነገርኳቸው።

"ውሻው ለምን ይጮኻል?"

"በሕይወት ያለ ሰው ሲሸተው ነው፣ እማማ።"

 ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"እስቲ አሰማኝ" አሉ።

ጌታቸው ሻምበልን መልሶ እያመጣው ነበር። ሐጂ ዑመር፣ ጢማቸውን ገና ሳይታጠቡ፣ ቆፋሪዎቹን ዝም አሰኙ። ስልኩን ወደ ቀዳዳዋ ዘረጋሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ ሻምበል አፍንጫውን አስገባ። አሥራ ሁለት ከአሥር ሲሆንም አልጮኸም። እማማ ዘሐራ ስልኩን አልዘጉም።