ኮካችን ያለጊዜው የረገፈ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከሲግናል ሰፈር መጥታ ስለ ትምህርቷ አጫወተችኝ። ተክል ፍሬ እንዲይዝ ወይም እንዲጥል የሚያዝዘው ሆርሞን የሚባል ነገር ነው አለች። ዛሬ ዘረመሉን አስተካክለው ዛፉ ራሱ ብዙ እንዲያፈራ ማድረግ ይቻላል።

«ድሮ ግን ሆርሞኑ ዛፉ ላይ ይረጭ ነበር፣ እማማ። መጠኑ ካለፈ ፍሬው በሙሉ ይረግፋል።»

ሽንኩርት መክተፌን ተውኩ። ይህን ከሃምሳ ዓመት በፊት አውቄዋለሁ።

ያኔ ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ተሰማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን እየጨረስን ነበር። አባቴ እርሻ ኮሌጅ ሊልከኝ ቃል ገብቶልኛል። በልጉ ጥሩ ዘንቦ፣ የጓሯችን ኮኮች ጥፍር የሚያህል ፀጉራም ፍሬ ይዘዋል።

አንድ የእርሻ ባለሙያ ፍሬ የሚያበዛ መድኃኒት በጠርሙስ ሰጠን። ጽሑፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ክዳን ይላል።

ተሰማ ሳቀብኝ። «ክዳን? ጡት ልናጠባው ነው እንዴ!»

በቤታችን መድኃኒት የሚለካው በዓይን ነበር፤ ለከብትም ለሰውም። ግማሹን ጠርሙስ ባልዲው ውስጥ ገልብጦ ዛፎቹ ላይ ረጨው።

በሳምንቱ ፍሬው ሁሉ መሬት ላይ ነበር። ስንራመድ ከእግራችን ሥር ይፈነዳል፤ መራራ ሽታው እስከ ደጅ ይመጣል።

«ማን ነው የነካው?» አለ አባቴ።

ተሰማ አቀርቅሮ፣ «እሷ በወር አበባዋ ሥሩ ስትመላለስ ነበር» አለ። በእኛ ሰፈር በዚያ ጊዜ ሴት ተክል አትጠጋም፤ ይደርቃል ይባላል።

«አባባ፣ መድኃኒቱ በዝቶ ነው! ጠርሙሱን ይዩት።»

«ዝም በይ! የእኔን ጓሮ ያደረቅሽ፣ የሰው እርሻ ላይ ልልክሽ ነው?»

ጠርሙሱን አላየውም። እርሻ ኮሌጅ የሄደው ተሰማ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ሲያስተምር ኖሮ፣ አሁን አያት ሰፈር በጡረታ ይኖራል። በተማረ በዓመቱ ፍሬው ለምን እንደረገፈ ማወቁ አይቀርም። አባታችን ግን እስኪሞት ድረስ ያደረቅኩት እኔ እንደሆንኩ ያምን ነበር፤ ተሰማም እንዲያ እንዲያምን ተወው። ወጣትነት ነው ብዬ ውሸቱን ልተውለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዘመን ግን አልተውለትም።

የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ቀላ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?»

«ዝም አላልኩም» አልኳት። «ተናግሬ ነበር።»