የሐጂ ኑሬ ጺም

በምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ማተሚያ አለ፤ ሥራ ሲጀምር ጭርር እያለ ከግራ ወደ ቀኝ ተመላልሶ፣ ትንሽ አርፎ፣ ደግሞ ጭርር ይላል። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ነገሌ ቦረና መንገድ ዳር ያለችው የፊት ክፍላችን ትመጣብኛለች፤ ታላቅ እህቴ ሌንሴም እጄን መታ አድርጋ «እንዳትጎትቺው! ገና ግንባሩ ነው የወጣው» ትለኛለች።

ሌንሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አዋሳ አጎታችን ዘንድ ከርማና ኮምፒውተር ተምራ፣ ያገለገለ ኮምፒውተርና ማተሚያ በብርድ ልብስ ጠቅልላ የተመለሰችው በግንቦት ዝናብ ነበር። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናታችን አስተማሪ ነበረች፤ አባታችን ደግሞ ሆስፒታል ቁስል እያጠበና እያሸገ የሚውል፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ነገሩም እንደ ፋሻው የተመጠነ ሰው ነበር። የተጠቀለለውን ዕቃ አይቶ ሲያበቃ «እስከ ገና በዓል ሞክሪው» አላት። «የሰው ፊት የምታበላሺ ከሆነ ግን ጥር ላይ መምህራን ማሠልጠኛ ትመዘገቢያለሽ።» ሌንሴ ማስተማርን አትጠላም ነበር፤ ፎቶ ቤት ካደረገቻት የፊት ክፍል መውጣትን ግን ፈራች።

ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ደንበኛ በማይኖርበት ወራት የእጅ ሥራ እንለማመድ ነበር። አባባ ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም ያመጣልናል፤ እኛም በበረኪና ዘፍዝፈን፣ የሰው አጥንት ከላዩ ሲጠፋና እንደ መስታወት ሲጠራ፣ በምላጭ የግመልና የግራር ቅርጽ እንቀድበታለን፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ደፍተን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነክረን በጣታችን ስናስፈነጥረው ግመሏ ትወጣለች። ለካርድ ብላ ከአዋሳ ያመጣቻቸው የገና ሥዕሎች ሁሉ በረዶ ነበራቸው። ሌንሴ ኮምፒውተሩ ላይ በረዶውን አጥፍታ አሬሮ መንገድ ላይ ፎቶ ያነሣችውን ኩይሳ ትተክልበት ነበር፤ እናታችንም ከበር ሆና እያየች «ጎሽ፣ አሁን አገራችንን መሰለ» ትላለች።

መስከረም ገብቶ የአገራችን ትንሿ ዝናብ ካፊያ ሲጀምር ፎቶሾፕ ታስተምረኝ ጀመር። ነገሩን ለማረም የምቸኩል ልጅ ስለነበርኩ ሕጎቿን ደብተር ላይ ጽፌ ራሷን እቆጣጠርባት ነበር። አንደኛው፣ ሰውን ከአንድ ፎቶ ቆርጦ ሌላ ላይ ከመለጠፍ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች መጠየቅ ነው፤ ጥላው ወዲህና ወዲያ ከወደቀ ውሸቱ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ዋናውን ፎቶ አለመንካት፣ ሁልጊዜ ቅጂው ላይ መሥራት። ሁለተኛውን ሕግ ያፈረሰችው ራሷ ናት።

ከኅዳር ወዲያ የበጋው ነፋስ ቀዩን አፈር እያነሣ ከተማውን ይሸፍነው ነበር። ያኔ ደጅ የተነሣ ፎቶ ሁሉ ጡብ ይመስላል። ሌንሴ ብዙ ሞክራ ቀዩን ከፎቶው የመቀነስ ዘዴ አገኘችና ሰው ሁሉ ከአዋሳ የመጣ መስሎ ይወጣ ጀመር፤ ደንበኛም በዛ። እኔ ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ አቧራ ታጥባለች» እያልኩ አወራ ነበር።

በዚያ ዓመት ገናና አረፋ በአንድ ሳምንት ዋሉ። ፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ኑሬ ልጃቸውን ሀሊማን በዝናቡ ወራት ሞያሌ ድረው ስለነበር፣ ያ አረፋ ያለ እሷ የሚውሉት የመጀመሪያው ነበር። የቤቱ ሰው በሙሉ ያለበት ካርድ ለእሷና ለአማቶቿ እንዲላክ ፈልገው መጡ። ለፎቶው ብለው ጺማቸውን በሂና አቅልተው፣ ባለቤታቸው አዴ ሩቂያና ሁለቱ ሴቶች ልጆች እጃቸውን እስከ አንጓቸው በሂና ተሞሽረው፣ ታላቁ ልጅም ወደ አሬሮ የከብት ገበያ ከመሄዱ በፊት ቆሞ ተነሡ። ሌንሴ አቧራውን አጠበች፤ የካሜራውን ማኅደር ለሌላ ደንበኛ ባዶ አደረገች፤ ያጠበችውን በዋናው ፎቶ ምትክ አስቀመጠችና ስምንት ካርድ አተመች። ስምንተኛው እንደወጣ የማተሚያው ቀለም አለቀ። ቀለም የሚገኘው አዋሳ ነበር።

ሐጂ ከሰዓት በኋላ መጥተው «ናጋ፣ ናጋ» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡና ካርዱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ሌንሴ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔን ቀብረሽ አባቴን አስነሣሽው እንዴ?»

ቀዩ ከአቧራው ጋር ሂናውንም ይዞት ሄዶ ነበር። ጺማቸው አመድ መስሏል። አዴ ሩቂያ ካርዱን ነጥቀው «ሐጂ፣ ዕድሜዎን የሚያወጣ ሰው ዛሬ ተገኘ!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ካርዱ ላይ የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ሂና የሌለው እጅ ሲያዩ ሳቁ ቆመ። «ሀሊማ በአረፋ ይህን እጅ ካየች የሞተ ሰው አለ ነው የምትለው። ይህ አይላክም።»

መኪናው በማግስቱ ጠዋት በአሬሮ በኩል ወደ ሞያሌ ይወርዳል። ታላቁ ልጅ አሬሮ ሄዷል፤ ዋናው ፎቶ የለም፤ ቀለምም የለም። ሌንሴ «ይቅር ይበሉኝ ሐጂ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባባ ከሥራ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። እኔም ጥር እንደደረሰ ገባኝ።

«ሂናው አልቋል?» አልኩ።

«ምን?» አሉ አዴ ሩቂያ።

«ቀዩ ሂና ነዋ የነበረው። ሂና እንቀባው።»

አዴ ሩቂያ አፍጥጠው አዩኝና «ኡፍ፣ ይቺ ልጅ!» ብለው መንገዱን ተሻግረው የተበጠበጠውን ሂና በጣሳ ይዘው መጡ። ሌንሴ በክብሪት እንጨት ሞከረችው፤ ሂናው ግን ወደ ሐጂ ጉንጭ ፈሰሰና አንዱ ካርድ ተበላሸ። ያን ጊዜ አባባ ኮቱን አውልቆ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ የጠራ ራጅና ምላጭ ጠየቀ። ራጁን በተበላሸው ካርድ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የሐጂን ጺም ዙሪያውን ቀደደው፤ ቀጥሎ ስድስቱን እጆች። ቀዳዳው ጺሙን ብቻ አሳይቶ ሌላውን ሸፈነ።

«ኮምፒውተሩ ላይም እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ» አለች ሌንሴ ቀስ ብላ። «ጺማቸውን ሸፍኜ፣ አቧራውን ብቻ።»

«እንግዲህ አውቀሽዋል» አለ አባባ ቀና ሳይል። «ቀቢ።»

የሁለት ቤት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ልጆች የየራሳቸውን እጅ ቀቡ፤ ሐጂ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ወፈር አድርጉት፣ ሞያሌዎች ሩቅ ናቸው!» ይላሉ፤ እናታችን የተቀቡትን እንዲደርቁ በትርፍ ራጅ ታናፍሳለች፤ አባባ ደግሞ ቁስል እንደሚያይ ሰው አንድ በአንድ ይመረምራል። ከሂናው ሽታና ከሳቁ ብዛት መንገደኛው ሠርግ መስሎት በበሩ ብቅ እያለ ይጠይቅ ነበር። ሰባቱም ካርዶች በጠዋቱ መኪና ሄዱ።

በአረፋው ማግስት ሀሊማ ወደ ሐጂ ሱቅ ስልክ ደወለች። «ካርዱ ሂና ሂና ይሸታል፤ ማታ ስተኛ አፍንጫዬ ላይ አደርገዋለሁ» ብላ አልቅሳ ስቃለች። ሐጂ ራሳቸው መንገዱን ተሻግረው፣ ቆመው፣ ለአባባ ነገሩት። አባባ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ወደ ሌንሴ ዞረና፣

«የማሠልጠኛው ምዝገባ ያለፈ መሰለኝ» አለ።

ምዝገባው ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር። ማስታወቂያውን በዓይኔ አንብቤዋለሁ፤ አባባም አንብቦታል። ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት የማልችለው ልጅ ያን ቀን ዝም አልኩ።

ዛሬ ሌንሴ በዚያችው ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ቀጥራ ትሠራለች፤ ፎቶው ከሞያሌም ከተልተሌም በስልክ ይደርሳታል፤ ዋናውንም ሦስት ቦታ ታስቀምጣለች። እኔ በበኩሌ እንጀራ የምበላው ጋዜጣው በሚያወጣው ፎቶ ላይ ምንም እንዳይጨመርና እንዳይጎድል በመጠበቅ ነው። ባለፈው ስንጫወት፣ ያን ጺም አሁን ቢሆን በስንት ጊዜ እንደምትመልሰው ጠየቅኳት። «ሁለት ደቂቃ» አለችኝ። «ሐጂም ሳያውቁ።» እውነቷን ነው፣ ይህ መሻሻል ነው፤ በሥራዬም የተጨመረውንና የጎደለውን ለማወቅ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ያኔ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብን፣ ሁሉም አውቆት፣ ሁሉም እጁ ቀልቶ ነበር።