ያለ ጉድጓድ የተሸመነ ሸማ

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤ ተቀምጬ ሳለሁ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ጋዜጠኛዋ ድምጿን እያሞላቀቀች የአንዲት ጥንታዊ ከተማ የባህልና የእደ ጥበብ ሳምንት መጀመሩን ታበስራለች። «ሸማኔዎች በታሪካዊው ግቢ ውስጥ ሲሸምኑ በዓይናችሁ ታያላችሁ!» አለች። አጠገቤ የነበረች ልጅ ለጓደኛዋ «እንዴት ደስ ይላል! መሄድ ነበረብን እኮ» አለቻት። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ እሱን ነገር ዝጋልን!» ብዬ ከኋላ ጮህኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ፋዘር፣ ዜና እኮ ነው» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ታክሲ ውስጥ መጨቃጨቅ አያምርብኝም፤ «ወራጅ አለ» አልኩና ከምወርድበት ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ልጆቿ ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንዲቀየሙኝ አልፈልግም። የደረሰብንም ነገር የእሷ ጥፋት አይደለም። የማን ጥፋት እንደሆነ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አላገኘሁትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ ኮልፌ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የጭቃ ቤት ነበር የምንኖረው። አባቴን ሰፈሩ «ጋሽ በቀለ ሸማኔው» ይለዋል። አያቶቼ ከቡልጋ ይዘውት የመጡት ሙያ ነው። እናቴ ትፈትላለች፣ አባቴና እኔ እንሸምናለን። በራችን አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ወለሉ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ።

ሸማኔ ሲሠራ አይቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ታች ይሰዳል። እታች በእግሩ የሚረግጣቸው መርገጫዎች አሉ። አንዱን ሲረግጥ ከተዘረጋው ድር ግማሹ ክር ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመሃል በሚከፈተው ቀዳዳ መወርወሪያውን ከነማጉ፣ አግድም ከሚገባው ክር ጋር፣ ያሳልፍና መትቶ ያጠብቀዋል። ጉድጓድ ከሌለ እግር አይሠራም፤ እግር ካልሠራ ድሩ አይከፈትም። ሰው ሽመናን የእጅ ሥራ ነው ይላል። ኧረ እንዴት ተብሎ! ግማሹ የእግር ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ጉድጓድ ሁልጊዜ አልወደውም ነበር። ክረምት ሲገባ ውኃ ያመነጫል፤ ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮ እየጨለፍን አውጥተን፣ ገለባ ጎዝጉዘን ነው የምንገባበት። እግሬ እስከ መስከረም አይሞቅም። የሰፈር ጎረምሶች ኳስ ሲጫወቱ ድምፃቸውን እየሰማሁ እስከ ወገቤ መሬት ውስጥ ተቀብሬ እውላለሁ። አባቴ ግን እዚያ ከገባ ሌላ ሰው ነው። ያንጎራጉራል፣ እናቴን ይተርባል፣ ጥለቱን ሲጀምር ደግሞ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ውጪ ሲሆን አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር።

በዚያ ዓመት መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት። ከፋሲካ በኋላ ትነሳላችሁ፣ ምትክ ኮንዶሚኒየም ታገኛላችሁ ተባልን። ጎረቤቶቻችን ስለ ባኞ ቤቱና ስለ ቧንቧው ያወራሉ። አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ፎቅ ላይ እግሬን የት ላስገባ?» ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ሰናይት የምትባል ልጅ የመጣችልን በዚህ ጭንቀት መሃል ነው። የዚያችን ከተማ የባህል ሳምንት ከክፍለ ከተማችን በኩል ከሚያዘጋጁት አንዷ ነበረች፤ ቀልጣፋ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። አባቴ የሠራውን ነጠላ አገላብጣ አየችና «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ እኛን ወክለው ይሂዱልን» አለችው። «ሙያውን እዚያ ያሳየ ሰው የመሥሪያ ሼድ ሲታደል ቅድሚያ ይሰጠዋል። ቃል ተገብቶልናል።» አባቴ ተነስቶ እጅ ነሳት። እንግዳዋ ስትወጣ ለእናቴ «ሼዱ ብቻ ይገኝ እንጂ፣ ለመኝታ ሰማይ ላይም ቢሰጡኝ ግድ የለኝም» አላት። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

የሄድነው በጥር፣ ለጥምቀት ሰሞን ነው። ገና ሳይነጋ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስን፤ የሸማውን እቃ በገመድ ጠፍረን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫንነው። አባቴ በየቆምንበት ሁሉ እየወረደ ገመዱን ያያል። መንገዱ ግራና ቀኝ አውድማ ነበር፤ በሬዎች ይዞራሉ፣ ጭዱ በንፋስ እየተነሳ በመስኮት ይገባል። ከአንዲት ልጅ አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ ገዛንና ዓባይ በረሃ እስክንደርስ ስንፈለፍል ሄድን። አባቴ በዚያ ቀጭን ጣቱ ቶሎ ቶሎ እየፈለፈለ ለእኔ ያቀብለኛል፤ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ። ማታ ያደርንበት ቤርጎ ብርድ ልብሱ ስስ ነበር፣ ሽሮው ግን እስካሁን ትዝ ይለኛል። አባቴ ወደ ጣሪያው እያየ «ሁለት ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ያንተን ወደ መስኮቱ እናደርገዋለን» አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከተማዋ ውብ ናት፤ አልዋሽም። የድንጋይ አጥር፣ ያረጁ ጥዶች፣ ጠዋት ጠዋት ጉም። መንገዱ ሁሉ በሰንደቅ አጊጧል። ግቢው ውስጥ ስፌት ሰፊዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ አንጥረኞች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። እኛም ቦታችንን አሳዩን። አባቴ ካፖርቱን አወለቀ፣ መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አደረገና መቆፈሪያ ለመነ።

የግቢው ዘበኛ እየሮጠ መጣ። «ኧረ በሕግ! እዚህ መሬት ላይ መቆፈሪያ አይገባም። ቅርስ ነው!»

«የእኛስ ሥራ ቅርስ ነው ብላችሁ አይደል እንዴ የጠራችሁን?» አልኩት። ደሜ ፈላ።

«እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ? ድንጋይ እንኳ ከቦታው እንዳይነሳ ነው የታዘዝኩት» አለ። ሰውየው እውነቱን ነበር፤ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ። ከእኛ ማዶ ያለው አንጥረኛም እሳት ግንቡን ያጠቁራል ተብሎ ተከልክሎ፣ ቀዝቃዛ ብረት እየቀጠቀጠ ነበር።

ሰናይት መጣች፣ ነገሩ ገባት፣ ደነገጠች። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና አባቴን ለብቻው ጠራችው። እኔም ተከተልኩ። «ጋሽ በቀለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መድረኩ ላይ እቃውን እንዘርጋልዎትና… እንዲሁ እንደሚሠሩ ሆነው ቢያሳዩስ?»

«እንደምሠራ ሆኜ?»

«ሰው ልዩነቱን አያውቀውም እኮ።»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ ተነስ እንሂድ!» አልኩት። እቃውን መጠቅለል ጀምሬ ነበር። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ሼዱስ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። የጠቀለልኩትን መልሼ ፈታሁት። ጫማውን አውልቆ መድረኩ ላይ ወጣ።

ድሩን ከመድረኩ ቋሚዎች ጋር አሰርንለት። እግሮቹን ጣውላው ላይ ዘርግቶ በነጠላ ሸፈናቸው። መወርወሪያውን ባልተከፈተው ድር ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ያንሸራትተዋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል፤ አንድም ክር አይገባም። ከዚያ ጠበቅ ያደረገ መስሎ ይመታል። ሕዝቡ ጎረፈ። ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ዙሪያውን እየዞረ ይቀርጸዋል። አንዲት ሴትዮ «አባት፣ ይሄ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብላ ጠየቀችው። «ይሄ አያልቅም፣ እመቤቴ» አላት። የቀለደ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እኔ ከመድረኩ ሥር ቆሜ ነበር። ዕድሜ ልኩን አንዲት ክር አጓድሎ የማያውቅ ሰው!

በዓሉ እስኪያልቅ ድረስ እንዲያ ሲያደርግ ሰነበተ። ማታ ማታ እህል አይቀምስም። «ሠርቼ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም» አለኝ አንድ ቀን። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ሰጡት፣ ካባ ደረቡለት። ሰናይት አለቀሰች፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ቤታችን ፈረሰ። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ። አባቴ አላማረረም። እንደተባለውም ሼዱ ደረሰን፣ ኑና ቁልፍ ውሰዱ ተባልን። ያን ቀን ጠዋት አባቴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ፣ መቆፈሪያ ከጎረቤት ተውሶ በትከሻው ይዞ ወጣ። «ዛሬውኑ እንጀምረዋለን» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሰው መቆፈሪያውን እያየ ይገላምጠናል፤ እሱ ምን ገዶት!

ሼዱ ፎቅ ነበር። የእኛ ክፍል ሦስተኛው ላይ፣ ወለሉ ድፍን ሲሚንቶ። ቁልፍ የያዘው ወጣት ሠራተኛ መቆፈሪያውን ሲያይ ሳቁ መጣበት። «አባት፣ ምን ሊቆፍሩ ነው?»

ጉድጓድ እንደሚያስፈልገን፣ ምድር ቤት እንዲቀይሩልን ነገርኩት። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቢሮው አስገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተልን። አባቴ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ሲወረውር፣ ሰው ሲያጨበጭብ ያሳያል። «ይኸው፣ ያለ ጉድጓድ ሲሠሩ አይተን እኮ ነው ፎቅ የሰጠናችሁ። ምድሩን ለብየዳ ሠራተኞች ሰጠነው፤ እነሱ ማሽናቸው ከባድ ነው።»

«ማስመሰል ነበር እኮ! አንድ ክር አልገባም!» ብዬ ጮህኩ።

ልጁ ግራ ገባው። «ማስመሰል ከነበረማ… ቅድሚያውን ያገኛችሁት በእሱ አይደል? ይሄ ነገር ከተነሳ ሼዱም ይቀራል፣ ወንድም።»

አባቴን አየሁት። መቆፈሪያውን ከትከሻው አውርዶ ተደግፎታል። «ተወው፣ ልክ ነው» አለኝ። ወደ ልጁ ዞረና፣ «ያለ ጉድጓድ እሠራለሁ፣ ልጄ። ቁልፉን ስጠኝ» አለው።

ሞከረ። አናጢ ጠርተን ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ አሠራን። ዛሬ በዚህ ዓይነት የሚሸምኑ ወጣቶች አሉ፤ ለምደውታል፣ ይበርታ እጃቸው። የአባቴ እግር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ነው የሚያውቀው። ጉልበቱ አበጠ፣ ወገቡ ተያዘ። ሸማው ላላ፣ ጥለቱ ጠመመ። ደንበኞቻችን አንድ ሁለቴ በይሉኝታ ወሰዱ፣ ከዚያ ቀሩ። መስከረም ሲጠባ ቁልፉን መለሰ። የሸማውን እንጨት ማን እንደማገደው አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። እኔም ቀለም ቀቢ ሆንኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ፎቅ እቀባለሁ። እናቴ ጥቂት ጊዜ ፈትላ ፈትላ የሚሸምነው ሲጠፋ ተወችው፤ እሷም ብዙ አልቆየችም።

አባቴ ግን አለ። ሰማንያ አልፎታል፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ስለዚያ ጉዞ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ረስቶታል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

ሬዲዮ በሰማሁ ማግስት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ አብረን ቴሌቪዥን ስናይ ያችን ከተማ ድንገት አሳዩዋት። ሪሞቱን እስካገኝ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሸማኔ መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ አዲስ ነጭ ልብስ አልብሰውታል። ይወረውራል፣ ይመታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አባቴ አንገቱን አስግጎ አየው።

«እግሩ አይንቀሳቀስም» አለ።

«እ?»

«ያስመስላል እኮ!» በጣቱ እያሳየኝ ቀጠለ። «ምስኪን! የእሱንም ቤት ሊያፈርሱበት ነው ማለት ነው።»

«አይ አባዬ፣ ይሄኛው ለትርኢት ያህል ነው» ልለው ፈልጌ ነበር። እኔ ራሴ ግን አላመንኩበትም። ቅዳሜ ዕለት ታክሲ ውስጥ ያስጮኸኝ ንዴት እንኳ ጠፋ። ንዴት ለካ ውስጡ ትንሽ ተስፋ አለበት፤ አንድ ሰው ይሰማኛል ብለህ ነው የምትጮኸው። ስንት ዓመት ስናደድ ኖሬ፣ ያን ቀን ማንም እንደማይሰማ ገባኝ። ሪሞቱን አስቀመጥኩት። አባቴ ለማያውቀው ሰው እያዘነ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ፕሮግራሙን እስኪያልቅ ድረስ አየነው።