ሳይቀምስ የሚሰጥ ሰው

እናቴ ሃይማኖቷን ካስተማረችኝ እኩል ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር መጠርጠር ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ጨዋታ ነው፤ እኛ ቤት ግን ሕግ ነበር። ባሌ ሞቶ የቆቦው ወፍጮ ቤት በእጄ ሲቀር ያስተዳደርኩት በዚሁ ሕግ ነው። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ፣ አለመሆኑን እስኪያሳየኝ ድረስ ለእኔ ሌባ ነበር።

በስድሳ ስድስት ግን የሚፈጭ እህል ራሱ ጠፋ። ማሽላው በቁመቱ ደረቀ፤ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለው ገበሬ ከብቱን ጨርሶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። የእርዳታ ሰዎች መጥተው፣ በቆመው ወፍጮዬ ለሕፃናት የሚሆን ዱቄት እናዘጋጅበት ሲሉኝ እሺ አልኩ። ሥራውን የሚመራ ባለሙያ ከውጭ አገር እንደሚመጣ፣ እሱን ማሳደርና መመገብ፣ እህል የሚቆሉትን ሴቶች መቅጠርም የእኔ ፋንታ እንደሆነ ነገሩኝ።

የመጣው አርባ ዓመት ያለፈው፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ረጅም ፈረንጅ ነበር። በአገሩ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። እዚህም በሌላ ጠቅላይ ግዛት ሁለት ዓመት ስለቆየ ስብርብር አማርኛ ይችላል። ከጓዳዬ ጎን ያለውን ክፍል ሰጠሁት፤ አልጋ አነጠፍኩለት፤ የሚጠጣውን ውሃ በየቀኑ አፈላሁለት። እያገለገልኩትም ጠረጠርኩት። ዳቦ ከሞላበት አገር ወጥቶ፣ በቆቦ ሙቀት ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ለሰው አገር ልጆች አጥሚት የሚያማስለው ምን ፈልጎ ነው? ሴቶቹ ደግ ሰው ነው ይሉኛል። ደግነቱን ማን ጠየቀው እላለሁ እኔ በልቤ።

ሥራው ቀላል ነበር። ሴቶቹ ከበርሜል በተቆረጠ ብረት ላይ ስንዴና ሽምብራ ይቆላሉ፤ እኔ እፈጫለሁ፤ እሱ ደግሞ ቆልፎ ከሚያስቀምጠው ጆንያ ነጭ ዱቄት እየዘገነ ይደባልቅበታል። የወተት ዱቄት ነው ይላል። ከዚያ ግቢው ውስጥ በትልልቅ ድስት አጥሚት ይሠራና ለተሰለፉት እናቶች በየጣሳቸው ይታደላል። መቆለፉን አልጠላሁበትም፤ እኔም ቆላፊ ነኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው የሠራውን አይቀምስም።

በእኛ አገር ጠላ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይጠጣል። ክፉ ነገር ካለበት በእኔ ይጀምር ማለት ነው። ይህ ሰው ግን ያማስላል፣ ያሸታል፣ ጣቱ ላይ ቢፈስበት እንኳ አይልስም፤ በጨርቅ ይጠርገዋል። ጭራሽ አንዷ ሴት ከምትቆላው ስትቅም አይቶ ከለከላት። ሴትዮዋም ተናዳ፣ ይሄ ሰውዬ ጾሙን የሚፈታው መቼ ነው ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ ስቄም አልተውኩት። ሦስት ቀን ከወፍጮው ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁት። ምሳውን ከእኔ ቤት ይበላል፤ የድስቱን አይነካም። እሱ ካልነካው እኔም አልነካሁትም።

በአራተኛው ቀን ውሃ ስንቀዳ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ሰውየው የሠራውን አይቀምስም አልኩ እንጂ መርዝ ነው አላልኩም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና፣ ወሬው ገበያውን ዞሮ እኔው ጋ ሲመለስ ፈረንጁ ሴት ልጆችን የሚያመክን ዱቄት ይዞ የመጣ ሰው ሆኖ ነበር። ሰልፉ በግማሽ ጎደለ። ፈረንጁ ያልተነካውን ድስት እያየ ሰዎቹ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ብዬ ዋሸሁት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዋጃ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከፊቴ ቆመች። የልጅቱ ራስ በእናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ አታባርርም። ጣሳዋን ሞላሁላት። እሷ ግን አልጠጣችም፣ ልጅቱንም አላጠጣችም። በዝግታ፣ ሰውየው አይቀምስም ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። ያን ጊዜ ፈረንጁን ጠርቼ ለምን እንደማይቀምስ በግልጽ ጠየቅሁት። ግራ ገባው።

«የእኔ አይደለም» አለ። «የልጆች ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ለእሱ ከተራበ ልጅ ድስት ጣት መላስ ስርቆት ኖሯል። እኛ ተንኮል ያልነው ለእሱ ክብሩ ነበር። አፍሬ፣ እንዴት እንደሚቀመስ አሳየሁት፤ እሱም በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ አገጩ ላይ እያፈሰሰ ጠጣ። ሴትዮዋ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እሱማ ማርከሻውን ያውቃል፣ እመቴ» አለችኝ። «እርስዎ ይቅመሱልኝ።»

ጭልፋውን አንስቼ መዳፌ ላይ አፈሰስኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ሰውየውን አምኜዋለሁ፤ ምክንያቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እጄ ግን የእናቴ ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ ከመተንፈስ አይበልጥም የቆየሁት። አጥሚቱ በጣቶቼ መሐል ተንጠባጠበ። ሴትዮዋ የምታየው መዳፌን አልነበረም፤ ዓይኔን ነበር። ጣሳዋን ቀስ ብላ ድስቱ ውስጥ መልሳ ገለበጠችው፤ አላህ ይስጥልኝ ብላ፣ ነጠላዋን በልጅቱ ላይ ሳብ አድርጋ ሄደች።

ያኔ ጠጣሁት። ጣፋጭ ነበር። ተጣራሁ፤ አልዞረችም። ሌላ ጣሳ ሞልቼ እስከ መኪናው መንገድ ሮጥኩ። መንገዱ ሰው በሰው ነበርና አጣኋት።

ከማግስቱ ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜ ከየድስቱ በመዳፌ እየጠጣሁ ማደል ጀመርኩ። ፈረንጁም ከጎኔ ይቀምሳል፤ በቀመሰ ቁጥር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ይቀላል። ሰልፉ ተመለሰ። እኔ ግን የምሞላውን ጣሳ ሳይሆን በጀርባ የታዘለውን ልጅ ሁሉ እያየሁ ነበር የማድለው። አንዳንዷን እናት ዞር በይ እስከማለት ደረስኩ።

ያቺ ሴት በሄደች በስድስተኛው ቀን መጣች። አንቀልባዋ ተጣጥፎ ክንዷ ላይ ነበር። ስለ ልጅቱ አልጠየቅኋትም። ጨልፌ መዳፌ ላይ አፈሰስኩና አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ዋጥኩት። ከዚያ ጣሳዋን ሞላሁላት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«ዛሬስ ቶሎ ቀመሱ፣ እመቴ» አለችኝ።