ግራዋዬን የመለመሉት ጎረቤቴ

ትናንት ረፋድ ላይ ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ደጄ ላይ ያለችው ግራዋዬ ራቁቷን ቆማ አገኘኋት። አንዲት ቅጠል አልተዉላትም። መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ቅጠል እየተከተልኩ ሄድኩ... አያ ወልዴ በር ላይ አደረሰኝ።

አያ ወልዴ ማለት አምና መንደሩን ሁሉ ያስነሱብኝ ጎረቤቴ ናቸው።

አምና ጣሊያን ባሌን ለመንገድ ሥራ ጣርማ በር ወሰደው። እስካሁን አልተመለሰም። የነጭ ሽንኩርቱ መደብ በእኔ ወገብ ላይ ቀረ። አረሙ ደግሞ ሰው እንደሌለኝ ያወቀ ይመስል ዛሬ ስነቅለው ነገ ይበቅላል። የጠላ ጋን በግራዋ አጥቤ እጣቢውን የምደፋበት ቦታ ላይ ግን አረም ዝር እንደማይል አውቅ ነበር። ስለዚህ ቅጠሉን ወቀጥኩ፣ ውኃ ውስጥ አሳደርኩ፣ አጥልዬ በመደቦቹ መሀል በቅል አፈሰስኩት። ብቅ ያለው አረም ቢጫ ሆኖ ተኛ። ሽንኩርቴ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አያ ወልዴ ይህን በአጥር ቀዳዳ አይተው ሰው ሰብስበው መጡ። ልጃቸው ከዘመቻ ሲመለስ የጣሊያን አውሮፕላን የረጨው መርዝ ጀርባውን ልጦት ነበር፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን እኔን አንድ ቃል መጠየቅ ምን ነበረበት?

«ይቺ ሴት የጣሊያን መርዝ ትረጫለች» አሉ።

«ግራዋ ነው አያ ወልዴ። ጋን የምናጥብበት ግራዋ።»

«እስቲ ጠጪው።»

አንድ ዋንጫ ሙሉ ቀድቼ ፊታቸው ጨለጥኩት። መረረኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ወደ ሰዉ ዞር ብለው ምን አሉ መሰላችሁ...

«አያችሁ? መርዝ እንኳ የማይነካት ጠንቋይ ናት።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አሊዩ አምባ ወረደ። ሽንኩርቴን ተሸክሜ ገበያ ስደርስ፣ ሁልጊዜ የሚገዛኝ ነጋዴ ዘንቢሉን እንኳ አልነካውም። «ወላሂ እናቴ፣ እኔ ክፉ አላልኩም። ሰው ነው የሚያወራው» አለኝ። ጨው ልገዛበት ያሰብኩትን ሽንኩርት ያን ሁሉ ዳገት መልሼ ተሸከምኩት። በጋውን አልጫ ስበላ ባጀሁ።

ትናንት ታዲያ በራቸውን ገፍቼ ገባሁ። ባለቤታቸው ዘነበች ሙቀጫ ይዛ ቅጠሌን ትወቅጣለች። እሳቸው ደግሞ ቅል ይዘው በሽንኩርታቸው መሀል ያንቆረቁራሉ።

«ምንድን ነው እሱ አያ ወልዴ?»

«ግራዋ ነዋ። ግራዋ አታውቂም እንዴ?»

«ያ የጣሊያን መርዝ?» አልኳቸው።

«ልጄን እኮ ለመንገዱ ወሰዱብኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ማን ይረምልኝ?»

«ለእኔስ ማን ነበረኝ? ይሁን... እንግዲያው ገበያ ሲወርዱ ለነጋዴው ይንገሩልኝ። ግራዋ ነበር ይበሉት። ዘንድሮም ሽንኩርቴ እንዳይመለስብኝ።»

ቅሉን አስቀመጡ።

«እሱንማ ከተናገርኩ፣ እንዴት አወቅህ ይለኛል። ከዚያ የእኔንስ ማን ይገዛኛል?»

ዘነበች ከሙቀጫው ላይ ቀና አለች። «ቅጠሉ አነሰን እኮ። ሌላ ዛፍ የለሽም?»

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ይህን ልጽፍ ነው መሰለኝ።

ግራዋዬስ ዝናቡ ሲጠና መልሳ ታቆጠቁጣለች። ከአያ ወልዴ አፍ ግን ይቅርታ የሚባል ነገር ሲበቅል አላየሁም... እዚያ ማን ግራዋ አፍስሶበት ይሆን?