ከሴት አንድ

የከተማው ምክር ቤት አባል የሆንኩ ሰሞን ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «እኔ እኮ በኮታ የሚመጣው ስኳርና ዘይት ብቻ ይመስለኝ ነበር!» አለችኝ። አብረን ሳቅን። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ከፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት በዚያች ቃል ተዋጠ።

የአሰላ ብርድ አዳራሽ ውስጥም አይለቅም፤ ጋቢያቸውን ደርበው የሚሰበሰቡ አሉ። ወንዶቹ ተራ በተራ ይናገራሉ። አንዱ ያለውን ሌላው «ለማጠናከር ያህል» ብሎ ይደግመዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የተጠናከረውን ያጠናክራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «እስቲ ከሴት አንድ» ይላል። በአፋን ኦሮሞም ይበለው በአማርኛ፣ ከአንድ በልጦ አያውቅም። አንዷ እኔ ነበርኩ። ስንበተን ወንዶቹ ተያይዘው ሥጋ ቤት ይሄዳሉ፤ ጉዳዩ የሚያልቀውም እዚያ ነው። እኔ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ። ብቸኝነቱ ያንገበግበኝ ነበር።

የምጨቀጭቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ገበያው መጸዳጃ ቤት። ከዲክሲስና ከሁሩታ እህል ይዘው የሚመጡት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ቢጠጡ የት ይሂዱ? ይህን ባነሳሁ ቁጥር «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ተይዟል» ይሉኛል።

አምና ሁለተኛ ሴት ገባች፤ ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት። ደስታዬን አልደብቅም፣ አጠገቤ ወንበር ይዤ ጠበቅኳት። እነዚያ ሴቶች ሽንት እየቋጠሩ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ የምታያቸው እሷ ናት። እኔ ጀምሬ እሷ ብትጨርሰው እምቢ የሚል አይኖርም ብዬ ነበር።

«ከሴት አንድ» ሲባል ሁለታችንም እጃችንን አወጣን። ሰብሳቢው ሳቀና «ተስማሙ እንግዲህ» አለ። አዳራሹም ተከትሎ ሳቀ። ልጅቷ ቶሎ እጇን አወረደች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይናገሩ» አለችኝ።

ተናገርኩ። ተይዟል ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን እጇን አላወጣችም። በቀደም በሩ ላይ ጠብቄ ያዝኳት።

«ምነው ልጄ? አንቺ ብትነግሪያቸው እኮ ይሰሙሽ ነበር።»

ሻሿን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ቅንነት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ምን ልጨምር ብለው ነው እትዬ?» አለችኝ። «እርስዎ አሉ አይደል?»