ቆስጣና ጎፈሬ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወዳለው ቢሯችን አንዲት አዲስ የግብርና ባለሙያ ተመድባ መጣች። ሥራውን ገና ሳትለምደው ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፣ «ጋሼ፣ የሚሰማኝ ሰው አጣሁ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ላጽናናት አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ። ተቀየመችኝ፤ እውነቷን ነው። የሳቅሁት ግን በራሴ ነበር።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በሐምሌ ነው። ከኮሌጅ የወጣን ጀማሪዎች ከመመደባችን በፊት ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ሥራ እንለማመድ ነበር። የሚያለማምዱን ወይዘሮ ዘነበች፣ ዕድሜያቸውን ከገበሬ ጋር የጨረሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ለእያንዳንዳችን በቆርቆሮ የተተከለ የቆስጣ ችግኝ ሰጡንና፣

«ውጡ» አሉ። «ይህን የሚቀበል አንድ ሰው አሳምናችሁ ኑ። አራዳን ያሳመነ ገበሬ አያቅተውም። ያላሳመነ እዚሁ ከእኔ ጋር ይከርማል እንጂ የትም አይመደብም።»

እኔ ደግሞ ምደባውን የምጠብቀው እንደ ሠርጌ ቀን ነበር።

በካፊያው፣ የሳምቡሳ ጥብስ ሽታ እየፈተነኝ፣ ጎፈሬዬን በፌስታል ሸፍኜ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። ስለ ቫይታሚን፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ኮሌጅ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አስጨርሰው ሰሙኝ።

«ቆመህ ደከመህ፤ ተቀመጥ እንጂ ወንድምዬ።»

ያለው የደንበኛ ወንበር ብቻ ነው፤ ተቀመጥኩ። አገሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እናት አለችህ?»

«አለች።»

ጎፈሬዬን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ «ሥራ ያዘ የተባለው ልጇ እንዲህ ሆኖ ሲመጣባት ምን ትል ይሆን?» አሉ፣ በሐዘን።

መስተዋቱን አየሁ። የእናቴ ፊት ታየኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጨርቁ አንገቴ ላይ ታሰረ። ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ካፊያው በተላጨ ራሴ ላይ ያለ ከልካይ ይወርዳል፤ ቆስጣውን እንዳቀፍኩ ነው።

ስመለስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ዘነበች ግን አልሳቁም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስለ መላጫ ማሽናቸው ምን ነገሩህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አወሩህ?»

«ስለ እናቴ።»

«በል ነገ ችግኙን እዚህ ትተህ ሂድ» አሉኝ።

በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ገበያው ጠየቅኋቸው። ጋሽ ሸምሱ ተክዘው፣ «ሐምሌ ለእኛ ሥራ አይሆንም። በዚህ ብርድ ራሱን የሚላጭ ሞኝ ከየት ይመጣል?» ካሉ በኋላ ዓይናቸው የተላጨው ራሴ ላይ አረፈ። ከዚያ አብረን ሳቅን። ልሄድ ስነሳ፣ «ያ ቅጠልህ ፀሐይ ይወዳል?» አሉኝ።

ቆስጣው በራቸው ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሞተ፤ ለካ የፀጉር እጣቢ፣ ሳሙናውን ጭምር፣ ሲያጠጡት ኖሯል። ምደባዬ አብሮት የሞተ መስሎኝ ለወይዘሮ ዘነበች አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን አሉህ?»

«ሌላ አምጣልኝ አሉ።»

«እንግዲያማ ትመደባለህ። መጀመሪያ የሚቀበልህ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይሆናል። ሞቶበት ሌላ የሚጠይቅህ ግን አምኖሃል።»

ይህን ሁሉ ለአዲሷ ልጅ አልነገርኳትም። ሳቄን ይቅርታ ጠይቄ፣ «ነገ አብሬሽ እወጣለሁ፤ አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ» አልኳት። ግማሽ ልቧ እንኳ አላመነኝም፤ ቢሆንም መጣች። ከየሥልጠናው የሰማሁት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከልቤ ጠፍቷል። አሁን አሁን የማስበው፣ አንድ ጀማሪ በሙያው መሰንበት አለመሰንበቱ የሚወሰነው ተሸንፎ በተመለሰበት ቀን ማን እንደተቀበለው ነው።